ከበረራ ያልተመለሰ ወታደር የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ፦ ለአዳማ ወጣቶች

ልጆች፣ ቢሾፍቱ የአየር ኃይሉ ቤት ናት። አዳማም ጎረቤቷ ስለሆነች በየሰፈሩ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ፎቶ የተሰቀለበት ሳሎን አይጠፋም። ሙት ዓመቱ ሲደርስ «አንተ ተምረሃል፣ የሕይወት ታሪኩን ጻፈው» የምትባሉት እናንተ ናችሁ። ያን ቀን «ለአገሩ ተሰዋ» ብሎ ማለፍ ይቀላል። የሰውየው ሥራ ግን ሳይነገር ይቀራል።

መጀመሪያ ሥራውን ለዩ። በአውሮፕላን አደጋ የሞተ ወታደር ሁሉ አብራሪ አይደለም። ረዳት አብራሪ፣ የበረራ መሐንዲስ፣ ቴክኒሺያን ወይም ወደ ሌላ ምድብ የሚጓዝ መንገደኛ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ ከፍቅር የተነሳ ቴክኒሺያኑን «አብራሪ» ይለዋል፤ እኔ ይህን ሙያውን ከመቀማት አልለየውም። ማዕረጉንም ከፎቶው ትከሻ ላይ አታንብቡ፤ ፎቶውን ከተነሳ በኋላ ተሹሞ ይሆናል። የሹመት ደብዳቤውንና የጡረታ ወረቀቱን ጠይቁ። የድሮ ሰነድ ስትፈልጉ አዳማን «ናዝሬት»፣ ቢሾፍቱን «ደብረ ዘይት» ብላችሁም ፈልጉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ቢሾፍቱ ሲበር የወደቀው የመከላከያ አውሮፕላን በውጭ መዝገብ ኦገስት 30 ቀን 2018 ይባላል፤ በእኛ ነሐሴ 24 ቀን 2010 ነው። የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነች መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ ይህም እስከ የካቲት ድረስ ቀኑን በአንድ ያዛንፈዋል። ሰዓቱ ደግሞ በዓለም አቀፉ የበረራ ሰዓት (ዩቲሲ፣ ከኢትዮጵያ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረው) 7:30 ከተባለ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4:30 ነው።

ወደ ጓዶቹ ስትሄዱ በመጨረሻው ቀን አትጀምሩ። ሽማግሌው አንዴ ከከፋቸው ወሬው እዚያው ያበቃል። የት እንደሠለጠነ፣ ማን እንዳስተማረው፣ የትኛው አውሮፕላን ላይ እንደሠራ፣ ደመወዝ ሲቀበል ምን ያደርግ እንደነበር ጠይቁ። ስትቀዱ አስፈቅዱ፤ ቬንትሌተሩንም አጥፉ፤ የአዳማ ሙቀት ቢጠናም ድምፁ ንግግሩን ይውጠዋል። የአደጋውን ምክንያት «ሞተር ጠፋ» ወይም «ተመታ» ብላችሁ በራሳችሁ አትደምድሙ፤ «እገሌ እንዲህ አሉ» ብላችሁ ጻፉ። ዛሬም በሥራ ላይ ያሉ ወታደሮችን ስምና ምድብ ግን ተዉት።

ፎቶውን በደንብ ያዙ። ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀ ፎቶ አይላጥም፤ ከሞከራችሁ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ ስካን አድርጉት። 3 በ4 ሳንቲሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት) ስካን ከተደረገ፣ በ300 ዲፒአይ ሲታተም 12 በ16 ሳንቲሜትር ጥርት ብሎ ይወጣል። በስልክ የተነሳውን ፎቶ ቤት ወስዶ ማስተለቅ ትርፉ ብዥታ ነው። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለዚያ መጠኑን ይቀንሰዋል። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ሲጫኑት ወደ ፊት ያብጣል፣ ቀለሙም ውሎ አድሮ ይሰርጋል። ለስላሳ እርሳስ ይዛችሁ ከጠርዙ አጠገብ ስሙን እስከ አያቱ፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉ። አብረውት የቆሙትንም ከግራ ወደ ቀኝ መዝግቡ፤ የእነሱም ልጆች የአባታቸውን ፎቶ ይፈልጋሉ።

ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ቅጂው ይሁን፤ ፀሐይ ዋናውን ያነጣዋል። ዋናውን በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ርቆ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ከሰው የተዋሳችሁትን ፎቶ በሳምንቱ መልሱ። ማን እንደሰጣችሁና መቼ እንደመለሳችሁም ደብተር ላይ ያዙ፤ ሁለተኛ ስትጠይቁ በሩ አይዘጋባችሁም።