ስለ ሳቶሺ ማትሱኦካና ስለ ፉጋኩ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ስለ ጃፓናዊው የሱፐርኮምፒውተር ሊቅ ማትሱኦካና ፉጋኩ ስለሚባለው የጃፓን ሱፐርኮምፒውተር የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አደራ፣ የደረጃ ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትምጡ።

ጥያቄ፦ ከየት ተነሳ?
መልስ፦ ከቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ። ተማሪ እያለ ከሳቶሩ ኢዋታ ጋር የኒንቴንዶ ፒንቦል ጌም ላይ ሠርቷል። ኢዋታ ኋላ የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት የሆነው ነው።

ጥያቄ፦ ጂፒዩን (የግራፊክስ ቺፑን) ሱፐርኮምፒውተር ውስጥ ያስገባው እሱ ነው የሚባለው እውነት ነው?
መልስ፦ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ቶኪዮ ቴክ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ እያለ ጹባሜ የሚባለውን ማሽን በ2006 አስጀመረ፤ ያኔ ከጃፓን አንደኛ ነበር። በ2008 680 ጂፒዩ ጨመረበት። ብዙ ሰው ጂፒዩን ገና የጌም ዕቃ አድርጎ በሚያይበት ሰዓት ማለት ነው። በ2010 የመጣው ጹባሜ 2.0 ከ4,200 በላይ ጂፒዩ ይዞ ከዓለም 4ኛ ወጣ። ጂፒዩ የመረጠበት ምክንያት መብራት ነው። ዩኒቨርሲቲ የቱንም ያህል ኃይል መክፈል አይችልም፣ ጂፒዩ ደግሞ በአንድ ዋት ብዙ ያሰላል። ኋላም ጹባሜ-ኬኤፍሲ በሚባል ሌላ የሙከራ ማሽን፣ ሰርቨሮቹን ፋናቸውን አውልቀው ዘይት ውስጥ ነከሯቸው፤ ዘይቱ ሙቀቱን ለውኃ ያቀብላል፣ ውኃው ውጭ ይበርዳል። ያ ማሽን በ2013 በኃይል ቁጠባ ከዓለም 1ኛ ሆነ።

ጥያቄ፦ ፉጋኩ ስንተኛ ነው?
መልስ፦ ቁጥር አልኩ እኮ! በ2020 1ኛ ነበር፣ በ2022 ፍሮንቲየር የሚባለው የአሜሪካ ማሽን በለጠው።

አንድ አባል፦ ፉጋኩን የሠራው ማትሱኦካ ነው።
ሌላ አባል፦ ኧረ አይደለም! ፕሮጀክቱ በ2014 ተጀመረ፣ ልማቱን የመራው ዩታካ ኢሺካዋ ነው። ማትሱኦካ ፉጋኩ ያለበት የሪከን (የጃፓን የምርምር ተቋም) ማዕከል ዳይሬክተር ሆኖ የመጣው በ2018 ነው።
የመጀመሪያው፦ ታዲያ ለሥራ ያበቃው ማን ሆነና?
መልስ፦ በቃ! ቺፑን የሠራው ፉጂትሱ የሚባለው ኩባንያ ነው፣ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ወደ ጥያቄው።

ጥያቄ፦ የጂፒዩ ሰው ሆኖ ፉጋኩ ለምን ጂፒዩ የለውም?
መልስ፦ ይሄን ነው የምፈልገው። ማሽን የሚዘገየው ማስላት አቅቶት ብቻ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ዳታ እየጠበቀ ነው። የፉጋኩ ቺፕ 48 ኮር (የማስሊያ ክፍል) አለው፣ ሜሞሪው እዚያው ጎኑ ተቀምጦ በሰከንድ 1 ቴራባይት ያህል ያቀብለዋል። በ2020 ደረጃ በሚወጣበት በሊንፓክ ፈተና 415 ፔታፍሎፕስ አሳየ (አንዱ ፔታፍሎፕስ በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ስሌት ነው)። ኤችፒሲጂ በሚባለው፣ ወደ እውነተኛ ሥራ በሚቀርበው ፈተና ግን 13 ገደማ። የሊንፓኩን 3 በመቶ! እንደዚያም ሆኖ 1ኛ ነበር፣ ፍሮንቲየር ከመጣ በኋላም በዚህኛው ፈተና እስከ 2025 አልተነካም። ቁጥር ብቻ አትዩ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ለኮሮና ምን ሠራ?
መልስ፦ የምራቅ ጠብታ በአየር እንዴት እንደሚሰራጭ አሳይቷል። በ2021 ለኮቪድ የተሰጠውን የጎርደን ቤል (የሱፐርኮምፒውተር ሥራ) ልዩ ሽልማት አግኝቷል።

ጥያቄ፦ ለዚህ ሙያ ምን ላፕቶፕ ልግዛ?
መልስ፦ ያለህን ተጠቀም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ሆኜ ከየት ልጀምር?
መልስ፦ ሲ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ከዚያ ኤምፒአይ (ብዙ ኮምፒውተሮች አብረው እንዲሠሩ መልእክት የሚያቀባብል)። የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ በኤምባሲው በኩል አለ፣ ጠይቂ። እስከዚያው ሁለት ትልልቅ ማትሪክስ የሚያባዛ ፕሮግራም ጻፊና ሰዓቱን ለኪ። ከዚያ የሉፖቹን (የሚደጋገሙትን ትዕዛዞች) ቅደም ተከተል ቀያይሪና እንደገና ለኪ። ስሌቱ ያው ነው፣ ሰዓቱ ግን ይለያያል። ለምን እንደተለያየ ደርሰሽበት ተመለሽ፣ ከዚያ እናወራለን።