ተጠባባቂ ነው መጠባበቂያ? ስለ «ባካፕ» ዋና ከተማ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ፣ ከቡራዩ ነው የምጽፍልዎት። ልጄ «አንድ ሀገር ዋና ከተማዋ በጦርነት ቢያዝ ወይ በሆነ አደጋ ቢፈርስ ተብሎ ቀድሞ የተመደበ ሌላ ዋና ከተማ አላት ወይ፣ እኛስ አለን?» ብሎ ጠየቀኝ። «ተጠባባቂ ዋና ከተማ ማለት...» ብዬ ላስረዳው ስጀምር ጎረቤቴ ሰምቶ ሳቀብኝ። ትክክለኛው አማርኛ ምንድነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤትሽ ትንሽ እውነት አለው ግን የሚያስቅ ነገር አልተናገርሽም። ሁለቱም ቃል የወጡት ከ«ተጠባበቀ» ነው። «ተጠባባቂ» አድራጊው ነው፣ ራሱ ቆሞ የሚጠብቀው፤ «መጠባበቂያ» ደሞ እንደ መጥረጊያ እንደ መለኪያ የዕቃ ስም ነው፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጠው ነገር። ለዛ ነው መጠባበቂያ በጀት፣ መጠባበቂያ እህል፣ መጠባበቂያ ጄኔሬተር የምንለው፣ ለሰው ሲሆን ግን ተጠባባቂ ዳይሬክተር፣ ተጠባባቂ ተጫዋች።

ባለፈው ክረምት ከአስኮ ሆለታ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ መናገሻ ልንደርስ ስንል ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ ረዳቱን «ስኮርቱን አውርድ» አለው፣ ይሄ ጣልያን ጥሎልን የሄደው ቃል ነው፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ደሞ «መጠባበቂያ አለው አይደል?» አሉ። «ተጠባባቂ አለው?» ያለ ግን ማንም የለም፣ ቢልማ ኖሮ ሁለተኛ ሹፌር የሚፈልግ ነበር የሚመስለው። (የወረደው ስኮርትም ንፋስ አልነበረውም፣ ጭቃ ላይ አንድ ሰዓት ቆምን።)

ራሺያኖችም ልክ እንደዛ ነው የሚያስቡት። በ1941 እ.ኤ.አ. ጀርመን ወደ ሞስኮ ሲጠጋ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ኤምባሲዎች ወደ ኩይቢሼቭ ተዛወሩ፣ ዛሬ ሳማራ የምትባለው ከተማ ማለት ነው፣ ስታሊን ራሱ ግን ሞስኮ ቀረ። እና ሳማራን እስካሁን «ዛፓስናያ» ዋና ከተማ ይሏታል፣ ትርፍ ጎማንም የሚጠሩት በዛው ቃል ነው! ቻይናዎች ደሞ ጃፓን ወደ ዋና ከተማቸው ናንጂንግ ስትጠጋ ወደ ቾንግቺንግ ሄዱና በ1940 እ.ኤ.አ. «ፔዱ» ብለው በይፋ ሰየሟት፣ ቃል በቃል አጃቢ ዋና ከተማ እንደማለት ነው። እኔ ይሄን ስያሜ ወድጄዋለሁ፣ የመጀመሪያዋ ከተማ አልተሻረችም፣ ይቺኛዋ አብራት ቆማለች የሚል ስሜት አለው።

ወደኛ ስንመጣ በሕግ የተቀመጠ መጠባበቂያ የለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ርዕሰ ከተማችን አዲስ አበባ ናት ይላል፣ ሁለተኛ የምትባል አልጠቀሰም። ድሬዳዋን ሁለተኛ ዋና ከተማ የሚላት ሰው ብዙ ነው ግን ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ ነው እንጂ ለዚህ ተብላ የተመደበች አደለችም። ሌላውም ሀገር ቢሆን አብዛኛው ባለሥልጣኖቹ በአደጋ ጊዜ የት ሆነው እንደሚሠሩ ያቅዳል እንጂ አንድ ከተማ ለይቶ «መጠባበቂያዬ ይቺ ናት» ብሎ አያውጅም።

አሁን «ተጠባባቂ» ወዳልሽው ነገር ልምጣ፣ ምክንያቱም እሱም ቦታ አለው። ተጠባባቂ ዳይሬክተር ስንል እኮ ቤቱ ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቅ ሰው አደለም፣ አሁን ወንበሩ ላይ ያለ፣ ደብዳቤ የሚፈርም ነው፣ ሹመቱ ግን አልጸናለትም። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 አዲስ አበባን ለቀው ወጡ፣ ጣልያን በ27 ገባ፣ መንግሥት ወደ ጎሬ ይዛወር ተብሎ ስለነበር ራስ እምሩ በምዕራብ በኩል ጎሬ ላይ ሥራውን ያዙ። በነዛ ወራት ጎሬን ተጠባባቂ ዋና ከተማ ብትያት ማንም አይስቅብሽም፣ እኔ እንደውም ከሁሉም የተሻለው ቃል እሱ ነው ባይ ነኝ። የጀርመኗ ቦን ግን በ1949 እ.ኤ.አ. ስትመረጥ በርሊን እስክትመለስ ተብላ ስለነበር ለሷ የሚሻለው «ጊዜያዊ» ነው።

አንቺ ካለሽበት በዛው በአምቦ መንገድ ብትቀጥዪ ደሞ አዲስ ዓለም አለችልሽ። አዲስ አበባ እንጨት ሲያልቅባት ምኒልክ በ1893 አካባቢ ከተማውን ወደዛ ሊያዞሩ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፣ ባሕር ዛፉ በቅሎ ሲደርስና ሐሳቡ ሲቀር የተሠራው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይቺ መጠባበቂያም ተጠባባቂም አልነበረችም፣ አሮጌው ተትቶ በቦታው የሚገባ «ምትክ» ነው የሚባለው፣ ምትክ ቦታ ምትክ መታወቂያ እንደምንለው። መንገድ ተዘግቶ ሲቆፈር የሚለጠፈው «ተለዋጭ» ለከተማ አይመቸኝም፣ ዛሬ በዚህ ነገ በዛ የሚል ይመስላል።

«ከተማ» ራሱ ከተመ ከሚለው ነው የመጣው፣ ድሮ ንጉሡ ድንኳኑን የተከለበት ሰፈር ነበር ከተማ፣ ሲነሳም አብሮ ይነሳል። ፋሲል በ1628 አካባቢ ጎንደር ላይ እስኪረጋ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ እንደዛ ነበር፣ ታዲያ ድንኳን መጠባበቂያ ምን ያደርግለታል፣ ቃሉ ቢጎድለን አይገርምም።

ስለዚ ለልጁ «መጠባበቂያ ዋና ከተማ» በይው፣ በሕግ እንደሌለንም ንገሪው፣ የጎሬንም ጨምሪለት። ጎረቤትሽ የሳቀው ከተማዋን ማልያ ለብሳ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታይታው ከሆነ ግን፣ እውነት ለመናገር እኔም ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ የታየኝ እሱ ነው።