ስለ እፉኝቷና ስለ ቆረጥኳት ጭራሮ

ልጄ፣

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የጠየቅሽኝ ቀላል ነገር ነበር። ለትምህርት እንግሊዝ አገር እንደምትሄጂ፣ በመጋቢት እባቦችና እንሽላሊቶች ከብርዱ እንቅልፋቸው ሲወጡ ለማየት ወደ ዶርሴት ለመውረድ እንዳሰብሽ ነገርሽኝና፣ «ጋሼ፣ ፎቶ ሳነሳ ፊታቸውን የሚጋርደውን ሣር ገለል ባደርገው ምን ችግር አለው?» አልሽ። መልሱን ለአንቺ ብቻ ያልጻፍኩት እኩዮችሽም ካሜራ አንጠልጥለው ወደ ዱር ሲሄዱ ስለማይ ነው።

እኔም በ1975 ዓ.ም. እዚያው ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሥነ ሕይወት ተምሬ እንድመለስ የተላክሁ ነኝ። የዶርሴት ሜዳ አሸዋማ መሬት ነው፤ የለበሰው ቁጥቋጦም የእኛ አስታ ዘመድ ነው። ባሌ ላይ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድገው አስታ እዚያ ከጉልበት ሳያልፍ መሬት ለመሬት ይድሃል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት አገሬ ትዝ ብሎኝ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ። ብርዱ ግን የአገሬ ብርድ አልነበረም። ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ከላይ እናቴ የላከችልኝን ጋቢ ተከናንቤ ነበር የምወጣው፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየኛል።

ቦታውን ያሳየኝ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣ እፉኝቶቹን ይመዘግብ ነበር። የእያንዳንዱ እፉኝት የአናት ምልክት እንደ ሰው የጣት አሻራ የተለያየ ነው፤ ሽማግሌው በእርሳስ እየሳለ ሁሉንም በመልክ ለይቶ ያውቃቸው ነበር። ቀድመው የሚወጡት ወንዶቹ ናቸው። ከጥቅምት ጀምሮ መሬት ውስጥ የከረመ ወንድ ለብዙ ቀን አደን አያስብም፤ ሥራው መሞቅ ብቻ ነው። የጎን አጥንቶቹን ዘርግቶ ሰውነቱን እንደ መቀነት ያሳሳውና ወደ ፀሐይ ያዘነብለዋል። ከአንገቱ እስከ ጭራው የሚወርደው የተጣጠፈ ጥቁር መስመር የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ይመስላል። የመጀመሪያውን ያየሁት ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነው። ዓይኑ ቀይ ነው። አናቱ ላይ ከጉድጓዱ ይዞት የወጣው አሸዋ ገና አልረገፈም።

ሽማግሌው ግን ወንዶቹን እየመዘገበ የሚጠብቀው አንዲት ሴት ነበር። ቡናማ፣ በዕድሜ የገፋች እፉኝት ናት። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ወልዳ፣ ቆዳዋ ተሸብሽቦ፣ አጥንቷ ወጥቶ ወደ ጉድጓዷ ስትገባ አይቷታል። እንዲህ ከስተው ከሚገቡት ብዙዎቹ ብርዱን አያልፉም። እኔ ደግሞ አያቴ «እፉኝት ስትወልድ ልጆቿ ሆዷን ቀደው ይወጣሉ፣ እሷም ትሞታለች» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ይህን ስነግረው አልሳቀብኝም። «አያትህ ከስታ አይታት ይሆናል» አለኝ። እስከ ዛሬ ስለ ተረቶቻችን ከሰማሁት ማብራሪያ ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

አንድ ማክሰኞ ብቻዬን ሄድኩ። ሌሊቱ ውርጭ ነበር፤ ጠዋቱ ጥርት ብሎ ነፋስ የሌለበት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ከዳገቱ ሥር ተጠቅልላ አገኘኋት። ወጥታለች! ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ካሜራዬ ውስጥ የቀረኝ ደግሞ አሥራ አንድ ፎቶ ነው። ነገር ግን አንዲት የቁጥቋጦ ጭራሮ ከፊቷ ላይ አግድም አልፋለች። በየትኛውም በኩል ብዞር ጭራሮዋ ዓይኗን ትጋርዳለች። ከኪሴ ቢላዋ አወጣሁና በዝግታ ቆረጥኳት። እፉኝቷ አልተንቀሳቀሰችም፤ ገና አልሞቀችም ነበር። እኔ ግን የፈቀደችልኝ መሰለኝ። አሥራ አንዱንም አነሳሁ።

በማግስቱ ከሽማግሌው ጋር ተመለስን። መንገዱን ሙሉ «ትናንት ወጥታለች» እያልኩ አወራለሁ፤ እሱ እንደ ልጅ እየፈጠነ ይራመዳል። ቦታው ባዶ ነው። ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። «እዚህ ጋ ጥላ የምትጥል ጭራሮ ነበረች» አለ። እኔም «ነፋስ ሰብሯት ይሆናል» አልኩት።

ነፋስ ጭራሮ ሲሰብር ጫፉ ይሰነጠቃል። የእኔ ጭራሮ ጫፍ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ሰያፍ፣ ነጭና ለስላሳ ነበር። አየው። እኔም ማየቱን አየሁ። ምንም አላለም። የወደቀችውን ጭራሮ አነሳና በነበረችበት አቅጣጫ አሸዋው ላይ ተከላት። ከዚያ ከፍላስኩ ሻይ ቀዳልኝ፤ ከራሱ በፊት ለእኔ።

በሰኔ አገሬ እስክገባ ድረስ እፉኝቷን ዳግመኛ አላየናትም። ቦታ ቀይራ ይሆናል፤ ከላይ አሞራ አይቷት ይሆናል። ያቺ ጥላ እኮ ለእሷ ቤት ነበረች፤ የተጣጠፈው መስመሯ ከጭራሮ ጥላ ጋር ሲቀላቀል ነው ከአሞራ ዓይን የምትሰወረው። ይህን በመጽሐፍ አንብቤ አውቀው ነበር። ለሽማግሌውም ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ ስለ አየር ንብረትና ስለ ጤና።

እንግዲህ ምክር የጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ ቡት ጫማ አድርጉ፣ እጃችሁን ጉድጓድ ውስጥ አታስገቡ የሚለውን አልጽፍላችሁም። ይህን ያልሰማ ሰው የእኔን ደብዳቤም አያነብም። ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ሂዱ፤ ጥላችሁ እንስሳው ላይ እንዳይወድቅ፣ እርምጃችሁም መሬቱን እንዳይመታ ተጠንቀቁ፤ እባብ ጆሮው የሚታይ ባይሆንም መሬት ስትንቀጠቀጥ ያውቃል። ከዚያ ተቀመጡ። የዛሬ ልጆች መቀመጥ አይሆንላችሁም። እንሽላሊት ካብ ላይ ወጥታ እስክትሞቅ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ያቅታችሁና ስልካችሁን ታወጣላችሁ። ይህን እየጻፍኩ ራሴን ታዘብኩት፤ እኔ ስልክ ሳይኖረኝ ነው መታገሥ ያቃተኝ።

ካብ ካልኩ አይቀር፣ «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የምንለው ተንኮለኞችን ለመንቀፍ ነው። ተረቱን ያወጣው ሰው ግን በጠዋት ማሳው ዳር ቆሞ በትክክል የተመለከተ ሰው ነው። እንግሊዝ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ለማለት ነው፤ አንቺ ግን ሂጂ። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ትልቅ እፉኝት ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ለሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ስሙንም ከሐረና ወስዷል። እኔ ስንት ዓመት ተማሪ አስከትዬ ሐረና ደን ስመላለስ ወፍ ነበር የማሳየው፣ አንገቴን ወደ ላይ አንጋጥጬ።

ከአሥራ አንዱ ፎቶ አንዱ እጅግ ጥሩ ወጥቶልኝ ነበር። የዓይኗ ቀለም ሳይቀር ይለያል። ለሃያ ስምንት ዓመት በየክፍሉ አሳይቼዋለሁ፤ ተማሪዎቼም «እንዴት ቀረብካት?» እያሉ ይገረሙ ነበር። እኔም የታገሥኩ መስዬ ነበር የምመልሰው። አንድም ቀን ስለ ጭራሮዋ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ፎቶውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ከግርጌው በስተግራ ያለችውን ነጭ ጫፍ ተመልከቺ።