ዶዘር ከመጥራታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ከእናንተ መካከል ጎንደር ላይ የሙዚቃ አዳራሽ የመንደፍ ዕድል የሚገጥመው ካለ አንድ ነገር ልለምነው፤ ተዳፋቱን አትደልድለው።

አሁን አሁን የሚመጡት ንድፎች ሜዳ ላይ የተሳሉ ሳጥኖች ናቸው። ቦታው ለሳጥኑ ሲባል ይቆረጣል፣ ይሞላል፣ ከታች ረጅም የድጋፍ ግንብ ይቆማል። ክረምት ሲገባ ውሃው ከግንቡ ጀርባ ይጠራቀምና መግፋት ይጀምራል። ከተማችን ያለችው በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ነው፤ ውሃው መንገዱን ያውቃል። በሐምሌ ጃንጥላ ይዛችሁ ሂዱና እዩት።

ደግሞስ ተዳፋት ለአዳራሽ ሲሳይ አይደል? ድምፅ በሜዳ ላይ በተደረደረ ሰው አናት ላይ ሲያልፍ ልብስና ገላ እየመጠጠው ይደክማል። ወንበሩ ወደ ኋላ ከፍ እያለ ከሄደ ግን ኋላ ያለውም በቀጥታ ይደርሰዋል። ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኤፒዳውሮስን ቲያትር መቀመጫ የዘረጉት ኮረብታ ላይ ነው።

ጣሪያው ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ዘንድ ቆርቆሮ ይመታል፣ ከሥሩ ስስ ኮርኒስ ይሰቀላል፣ አለቀ። የነሐሴ ዝናብ ሲወርድበት መሲንቆ ቀርቶ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው አትሰሙም። መሲንቆ ባለ አንድ ክር ናት፤ ከዝናብ ጋር አትታገልም። ይህን ጫጫታ የሚያስቆመው ክብደት ነው፤ ኮንክሪት፣ ከላዩም አፈርና ሣር። ከከተማው በላይ ካለው ከጎሃ ኮረብታ ላይ ቁልቁል ለሚያይም ኮረብታው ኮረብታ እንደሆነ ይቀጥላል። ክብደቱን ግን መሐንዲሳችሁ ከመጀመሪያው ይወቀው፤ ውሃ መከላከያው ላይም አትሰስቱ።

ለኦርኬስትራ ድምፁ ከቆመ በኋላ 2 ሰከንድ ገደማ ቢያስተጋባ ያምራል። ለንግግር 1 ሰከንድ አካባቢ ይበቃል። አዝማሪ ደግሞ ግጥም ነው፤ ቅኔው ካልተሰማ ምኑን አዝማሪ ሆነ? ስለዚህ የውጭ አዳራሽ ገልብጣችሁ አታምጡ። ግድግዳው ላይ የሚሳብና የሚሰበሰብ ወፍራም መጋረጃ አድርጉ፣ ሁለቱንም ታስተናግዳላችሁ።

ከፋሲል ግንብም ጉልላቱን በሲሚንቶ አትቅዱ። ሻካራ ድንጋዩን ውሰዱ፤ ድምፅን ይበትናል፣ ልስን ግድግዳ ግን ፊት ለፊት እየተቀባበለ ያንቀጫቅጨዋል።

ዛፎቹን በተመለከተ፣ ቀያሹ ከኮንቱሩ፣ ማለትም ከመሬቱ የከፍታ መስመሮች ጋር አንድ በአንድ ለክቶ ያምጣላችሁ፤ ወይራና ጽድ በአንድ ክረምት አይበቅልም። ከባጃጅ ጩኸት ያድኑናል ብላችሁ ግን አትመኑ፤ አንድ ረድፍ ዛፍ የሚከልለው ዓይንን ነው። ድምፅ የሚከልለው የአፈር ጉብታ ስለሆነ፣ ለመሠረት የቆፈራችሁትን አፈር በገልባጭ መኪና ከማስጣል በመንገዱ በኩል ከምሩት።