ከፍራንከንስታይን የምወደው ቦታ «አያስፈራም» ተባልኩ

ሰላም ጋሼ፣ አምድዎን ሁሌ ነው የማነበው። እኔና ጓደኞቼ እየተሰበሰብን መጽሐፍ እናነባለን፣ አሁን ተራው የሜሪ ሼሊ ፍራንከንስታይን ነው፣ እና ሁላችንም የምንወደውን ቦታ ጮክ ብለን እንድናነብ ተባብለናል። እኔ የመረጥኩት ቪክቶር ፍራንከንስታይን የሠራው ፍጡር ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ደ ላሴ ቤት የሚገባበትን ነው። ከቤታቸው ጥግ ተደብቆ በቀዳዳ ሲያያቸው፣ ማታ ማታ እንጨት ለቅሞ ሲያመጣላቸው፣ ቋንቋ እንኳን ከነሱ እየሰማ ሲማር ይከርምና ልጆቹ ወጣ ሲሉ ጠብቆ ያንኳኳል፣ ሽማግሌው መልኩን ስለማያይ እንደማንኛውም እንግዳ ያዋራዋል። ከዛ ልጆቹ ይመጣሉ፣ ልጁ አጋታ ራሷን ትስታለች፣ የወንድ ልጁ የፊሊክስ ፍቅረኛ ሳፊ ሮጣ ትወጣለች፣ ፊሊክስ በዱላ ይቀጠቅጠዋል። እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ አለቅሳለሁ። ጓደኞቼ ግን «ሆረር ነው እኮ፣ ይሄ ያሳዝናል እንጂ አያስፈራም፣ ነፍስ የሚዘራበትን ለሊት አንብቢ» አሉኝ። ልቀይረው እንዴ?

መልስ፦

እህቴ፣ በፍጹም እንዳትቀይሪው። እነሱ የሚሉት ለሊት ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የፊልሙን መብረቅ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ያለው የኖቬምበር ዝናብ፣ ሊያልቅ የደረሰ ሻማና ከለሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፣ ቪክቶርም ፍጡሩ ዓይኑን ሲገልጥ ጥሎት ይሸሻል። ከዛ ወዲህ ያየው ሁሉ ሸሽቶታል ወይ መትቶታል፣ ቁጭ ብሎ የሰማው ይሄ የማያየው ሽማግሌ ብቻ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ያንቺው ነው። ታሪኩን ለቪክቶር የሚያወራው እኮ ራሱ ፍጡሩ ነው፣ አልፕስ ውስጥ ሻሞኒ አጠገብ በረዶው ተራራ ላይ፣ እኛም እዛ ስንደርስ የቪክቶር ታናሽ ወንድም ትንሹ ዊልያም መገደሉን እናውቃለን፣ ማን እንደገደለውም ጠርጥረናል፣ እና ይሄን ሁሉ እያወቅን ልጆቹ ትንሽ እንዲዘገዩለት እንለምናለን። ለገዳይ! ከዚህ በላይ ምን ያስፈራል? ፊሊክስም ጨካኝ አይደለም፣ ዓይነ ስውር አባቱ እግር ስር ግዙፍ ፍጥረት ሲያይ ማንም ልጅ ዱላ ያነሳል። ፍጡሩ ደግሞ አንበሳ ሚዳቋን እንደሚያደርገው ሊቦጫጭቀው ይችል ነበር፣ ግን ራሱን ገታ፣ እዚህ ጋ አትቸኩዪ።

ጸሐፊዋ መጽሐፉን በ1816 ስትጀምረው ገና 18 ዓመቷ ነበር፣ እናቷ እሷን በወለደች በቀናት ውስጥ ሞታለች፣ የራሷ የመጀመሪያ ልጅም በ1815 በጨቅላነቷ ሞታባታለች። እኔ ያቺን ጎጆ ሳነብ ይሄ ከአእምሮዬ አይጠፋም።

አንድ ነገር ብቻ፣ ዱላው ላይ አታቁሚ። ቤተሰቡ ጥሎ ሲሄድ ፍጡሩ ቤቱን እስከሚያቃጥልበት ድረስ አንብቢላቸው፣ ያለዛ ግማሹን ነው የምታሳያቸው። እንባሽ ከመጣ ደግሞ ሽማግሌው «ማነህ?» ብሎ የሚጮህበት ጋ ትንፋሽ ውሰጂና ቀጥዪ።