ዲግሪዬ ሳያልቅ ፋርማሲ ትምህርት ቤት ብገባስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ቴዎድሮስ ግቢ የ3ኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ዲቪ ደርሶኝ ኢንተርቪውን አልፌያለሁ፤ ቪዛዬም ተመትቷል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አጎቴ «እዚህ ፋርማሲ ለመግባት ዲግሪ አይጠየቅም፤ ጊዜሽን አታባክኚ፣ ነይ» ይለኛል። እናቴ ደግሞ «ሦስት ዓመት የተንከራተትሽበትን ጥለሽ ወዴት? መጀመሪያ ጋዎንሽን ልበሺና ልይሽ» ትላለች። ሁለቱም የሚናገሩት ለእኔ አስበው ስለሆነ የማንን እንደምሰማ ጨነቀኝ። በእርግጥ ዲግሪ ሳልይዝ ባመለክት ይቀበሉኛል?
ሀ.፣ ከቀበሌ 18

መልስ፦ እኅቴ፣ አጎትሽ የነገረሽ እውነት ነው። እናትሽ የፈራችውም እውነት ነው። ይህን የምልሽ በመንገዱ ራሴ ስላለፍኩበት ነው። የአዘዞ ልጅ ነኝ፤ ባዮሎጂ 2ኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ቪዛ መጣልኝና ትምህርቴን ጥዬ ሄድኩ። ዛሬ ፋርማሲስት ነኝ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚባል ወረቀት ግን ኖሮኝ አያውቅም።

አሜሪካ ውስጥ ፋርማሲስት የሚያደርገው ትምህርት ፋርም ዲ ይባላል። ስሙ ዶክትሬት ቢሆንም ከማስተርስ በኋላ የሚመጣ አይደለም። በአብዛኛው 4 ዓመት ይፈጃል፤ ከእሱ በፊት ቢያንስ የ2 ዓመት የኮሌጅ ኮርሶች ይጠየቃሉ። ዲግሪ ካልያዝሽ አንቀበልም የሚሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን የሚያዩት ኮርሶቹን ነው። ኮርሶቹንም ቢሆን ጨርሰሽ መገኘት የለብሽም። ማመልከቻው ለአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች በአንድ ቋት በኩል ይገባል፤ ፋርምካስ ይሉታል። በየዓመቱ በክረምት መግቢያ አካባቢ ይከፈታል። እዚያ ላይ የጨረስሻቸውን፣ አሁን የያዝሻቸውንና ወደፊት የምትወስጃቸውን ኮርሶች ለይተሽ ትሞያለሽ። ከተቀበሉሽ «ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እነዚህን አልፈሽ ካመጣሽ» የሚል ደብዳቤ ይደርስሻል። ፒካት የሚባለው የመግቢያ ፈተና በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ቀርቷል፤ አጎትሽ ለእሱ መዘጋጃ የሚሆን መጽሐፍ ቢልክልሽ ጊዜሽን አትጨርሺበት።

የኬሚስትሪ ተማሪ መሆንሽ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነው፤ አንቺ ግን በላብራቶሪው ጭምር አልፈሽዋል። ካልኩለስም ይቆጠርልሻል ብዬ አስባለሁ፤ ፍሬሽማን ላይ የወሰድሻቸው ሳይኮሎጂና ኢኮኖሚክስም እዚያ የሚፈለጉ ናቸው። የሚጎድልሽ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ምናልባት ስታቲስቲክስ፣ እንዲሁም ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት የንግግር ኮርስ ነው። የመጨረሻውን እንዳትንቂው። እኛ ጎንደር ላይ ያደግን ልጆች ትልቅ ሰው ፊት አንገት ደፍተን፣ ድምፅ ዝቅ አድርገን መናገር ነው የተማርነው። ጨዋነት ነው፤ አላፍርበትም። ነገር ግን ለመግቢያው ቃለ መጠይቅ ስቀርብ ጠያቂዋ ሦስት ጊዜ «ይቅርታ፣ አልሰማሁሽም» አለችኝ፤ ላብ በላብ ሆኜ ወጣሁ።

አሁን አጎትሽ ወዳልነገረሽ ልምጣ። እኔ ስሄድ የያዝኩት የግሬድ ሪፖርት ኮፒ ብቻ ነበር። እዚያ እንደደረስኩ ከአገር ቤት የመጣ ትምህርት በገምጋሚ ድርጅት ታይቶ ወደ አሜሪካ ክሬዲት መመንዘር አለበት ተባልኩ፤ ብዙ ሰው ዌስ የሚባለውን ገምጋሚ ድርጅት ይጠቀማል። ገምጋሚው ደግሞ በቀጥታ ከሬጅስትራር የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እንጂ ከሻንጣ የወጣ ኮፒ አይቀበልም። እኅቴ ለእኔ ስትል ከአዘዞ በሚኒባስ እየተመላለሰች 8 ወር ፈጀባት። መጥቶ ሲገመገም ክሬዲቱ ተቆጠረልኝ፤ የማመልክትበት ትምህርት ቤት ግን «የሳይንስ ኮርሶችን ከውጭ አገር አንወስድም፤ እዚህ ድገሚ» አለኝ። እንዲህ የሚል ትምህርት ቤት አንድ ብቻ እንዳይመስልሽ። ኬሚስትሪን ከሀ ብዬ ጀመርኩ፣ ከኪሴ እየከፈልኩ፣ ማታ ማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሚባለው የ2 ዓመት ኮሌጅ፣ ቀን ደግሞ መድኃኒት ቤት ቴክኒሺያን ሆኜ ክኒን እየቆጠርኩ።

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት የምታደርጊውን ልንገርሽ። ዝም ብለሽ ከግቢ አትጥፊ። በሥርዓቱ ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሙዪ፣ ክሊራንስሽን ጨርሺ፤ ነገሩ ባይሳካ ተመልሰሽ የምትገቢበት በር ይህ ነው። የኮስት ሼሪንግ ጉዳይ በእንጥልጥል ከቀረ ወረቀትሽንም ያስይዝብሻልና ሬጅስትራሩን ፊት ለፊት ጠይቂ። የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫ፣ ማለትም ምን እንደተማራችሁና ስንት የላብራቶሪ ሰዓት እንደነበረው፣ ከዲፓርትመንቱ ማህተም አስመትተሽ ያዢ። «ኬም 2041» የሚል ቁጥር ብቻውን ባሕር ማዶ ለማንም ምንም አይነግርም። ከሚያውቁሽ መምህራንም ሁለቱን ስልካቸውንና ኢሜይላቸውን ተቀበያቸው፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽ እነሱ ናቸው፤ ከሄድሽ በኋላ በስልክ ማስታወስ ከባድ ነው። ይህን ሁሉ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ አትጨርሺውም፤ ነገ ጀምሪ።

ሴሚስተሩንም አታቋርጪ። ቪዛሽ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ የመግቢያ ቀን እዪው፤ ብዙውን ጊዜ እስከ 6 ወር ይሰጣል። ቀኑ የሚፈቅድልሽ ከሆነ ፋይናልሽን ተፈትነሽ ሂጂ። በግማሽ የቀረ ሴሚስተር የትም አይቆጠርም፤ ያለቀ ሴሚስተር ግን አምስት ስድስት ኮርስ ነው።

እናትሽ የፈራችውን ነገር ያየሁት ከገባሁ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ኮርስ ወደቅኩ። ዶርም ውስጥ ተቀምጬ ሳስበው፣ እነዚህ ሰዎች ቢያባርሩኝ እጄ ላይ ምን አለ? አብረውኝ የነበሩት አብዛኞቹ ባችለር ነበራቸው፤ ቢባረሩ ላብራቶሪ ይቀጠራሉ፣ ማስተርስ ይማራሉ። እኔ ግን ከጎንደርም ያላለቀ፣ ከአሜሪካም ያላለቀ፣ ዕዳ ብቻ ያለው ሰው ልሆን ነበር። ደግሜ ተፈተንኩና አለፍኩ፤ የዚያን ሌሊት ፍርሃት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ዲግሪ ሳይኖር መግባት ይቻላል። ችግሩ መሐል ላይ ብትወድቂ የምትይዢው ነገር ማጣት ነው።

ለዚህም መፍትሔ አለው፤ እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚጎድሉሽን ኮርሶች ስትወስጂ በዘፈቀደ አትውሰጂ። መጀመሪያ ቀን አማካሪዋ ጋ ሄደሽ «የፋርማሲ መግቢያ ኮርሶቼን የምወስደው አሶሼት ዲግሪ እንዲሆኑልኝ አድርጌ ነው» በያት። ከአገር ቤት የሄደው ክሬዲትሽ ከተቆጠረ ጥቂት ኮርስ ጨምረሽ የ2 ዓመት ዲግሪ ይዘሽ ትወጫለሽ። የፋርማሲ ትምህርት እየተማሩ መሐል ላይ ባችለር የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ፤ ስታመለክቺ ለእነዚህ ቅድሚያ ስጪ።

እናትሽን እንዲህ በያት፦ «እማዬ፣ ጋዎኑ ይቆያል እንጂ አይቀርም፤ አሁን ግን የሦስቱን ዓመት ወረቀት በሙሉ ይዤ ነው የምሄደው።» ወረቀቱን በእጇ አስይዣት፤ ማህተም ያለበትን ስታይ ልቧ ይመለሳል። የእኔም እናት እንዲያ ነበረች።

ጥያቄ፦ ልጄ በዚሁ በጎንደር 4ኛ ዓመት ፋርማሲ ተማሪ ነው። ውጭ ያለች የአክስቱ ልጅ «አሜሪካ እኮ ዲግሪ ሳይጨርሱ ይገባሉ፤ አቋርጥና ና፣ እዚህ ከዜሮ ትጀምራለህ» አለችው። ልጁም ልቡ ሸፍቷል። እኔ አርሶ አደር ነኝ፤ ነገሩን አላውቀውም። ምን ልበለው?
አባት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ አባቴ፣ ልጁን አሁኑኑ ይያዙልኝ። ከላይ ላለችው ልጅ ሂጂ ያልኩ ሰው ለእርስዎ ልጅ ደግሞ እንዳይሄድ ስል እንዳይገርምዎ። እሷ የያዘችው ትምህርት ቢያልቅም ባያልቅም ፋርማሲስት አያደርጋትም፤ የእሱ ግን ያደርገዋል።

አሜሪካኖች በውጭ አገር ፋርማሲ ተምሮ ለተመረቀ ሰው ሌላ በር አላቸው። ኤፍ ፒ ጂ ኢ ሲ የሚባል ምስክር ወረቀት ነው። ከ2003 ዓ.ም ወዲህ (በፈረንጆቹ) ለተመረቀ ሰው ቢያንስ የ5 ዓመት የፋርማሲ ትምህርት ይጠይቃል፤ የልጅዎ ትምህርት ደግሞ 5 ዓመት ነው። አንድ ዓመት ቀርቶት ቢያቋርጥ ይህ በር ይዘጋበታል፤ ያን ጊዜ በእርግጥ ከዜሮ ነው የሚጀምረው፣ 2 ዓመት ኮርስ፣ 4 ዓመት ፋርም ዲ። ከጨረሰ ግን የእንግሊዝኛውን ቶፍልና የእነሱን የፋርማሲ ፈተና አልፎ፣ እንደ ስቴቱ ከ1,000 ሰዓት በላይ የሚሆን ልምምድ ሠርቶ፣ በመጨረሻም እዚያ የተማሩት ሁሉ የሚወስዱትን ናፕሌክስ የተባለ የፈቃድ ፈተና ተፈትኖ ፈቃድ ያገኛል። ቀላል ነው አልልዎትም፤ ሁለት ሦስት ዓመት ሊወስድበት ይችላል፤ ወጪም አለው። ነገር ግን በዚህ መንገድ ሠርተው የወጡ የጎንደር ልጆችን አውቃለሁ፤ አንዷ በቴክኒሺያንነት አብራኝ ክኒን ስትቆጥር ነበር፣ ዛሬ እሷ ናት የምትፈርመው።

አንድ ነገር ግን ይንገሩት። መመረቁ ብቻ አይበቃም፤ እነሱ እዚህ አገር በሙያው ለመሥራት የተመዘገበና ፈቃድ ያለው መሆኑንም ይጠይቃሉ። ስለዚህ የመውጫ ፈተናውንና የብቃት ምዘናውን አልፎ፣ የሙያ ፈቃዱን አውጥቶ ይሂድ። እዚህ ጥቂት ጊዜ ቢሠራበት ደግሞ የበለጠ ነው፤ ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ጀርባ የሚማሩት ነገር በየትኛውም አገር ያገለግላል። የአክስቱን ልጅ ስልክ ቢልኩልኝ እኔው ራሴ ደውዬ አስረዳታለሁ።