«ርካሽ ምሳ» ይባላል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ ነው። በቅርቡ አዲስ አበባ ሄጄ ከታናሽ እኅቴ ጋር አንድ የጃፓን ምግብ ቤት ምሳ በላን። ስመለስ ለአክስቴ «ቄንጠኛ፣ ርካሽና ዘመናዊ የጃፓን ምግብ ቤት ነው፤ ሱሺ የሚባል ጥሬ ዓሣ በላን፣ ሾርባም በላን» ብዬ ሳወራላቸው «ኧረ ልጄ፣ ምግብ ርካሽ አይባልም!» ብለው ተቆጡኝ። እኅቴ ደግሞ «ተመጣጣኝ በያ» ትለኛለች። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አክስትዎ የተቆጡት ያለ ነገር አይደለም። ከባቲ የሰኞ ገበያ የተመለሰ ሰው «ማሽላ ረክሷል» ቢል ቤተሰቡ ደስ ይለዋል እንጂ የሚቀየም የለም። «ፍየል ረከሰ»፣ «በርበሬ ረከሰ» ሁሉም የምሥራች ነው። ተሠርቶ ገበታ ላይ የቀረበ ምግብ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። «ወጡ ረከሰ» ብትሏት ባለቤቲቱ የምትደነግጠው ድስቱ ውስጥ ምን ገባበት ብላ ነው፤ ዋጋ ትዝም አይላት። ግሱ የግእዙ «ረኵሰ» ነው፤ እዚያ ዋናው ፍቺው ንጽሕናን ማጣት ነው። «ርኩስ» እና «ርካሽ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸውና ምግብ አጠገብ ሲቆሙ አንዱ ሌላውን ያስታውሳል።

ወሎ ላይ ደግሞ ቃሉ ይበልጥ ይከብዳል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ሠርግ ቤት የሚታደሙበት፣ ሥጋው ግን ለየብቻ ታርዶ ለየብቻ የሚሠራበት አገር ነው። ደጋሹ እንግዳውን «አብሽር፣ ይኼ የእናንተው ነው» ብሎ የሚያረጋጋው የምግብ ንጽሕና ለሁለቱም ወገን የእምነትና የክብር ጉዳይ ስለሆነ ነው። በዚህ ባህል ያደጉ እናት «ርካሽ ምግብ» ሲባል ጆሯቸውን ቢቆረቁራቸው እኔ በበኩሌ እውነት አላቸው እላለሁ።

ታዲያ ቃሉን ከአፍዎ ያውጡት ማለቴ አይደለም። «በርካሽ በላን»፣ «ዋጋው ርካሽ ነው» ቢሉ ማንም አይቆጣም፤ የረከሰው ዋጋው መሆኑ ግልጽ ነውና። ቅር የሚያሰኘው ቅጽሉን በቀጥታ በምግቡ፣ በቤቱ ወይም በሰው ላይ ሲለጥፉት ነው። «ርካሽ ሰው»፣ «ርካሽ ዝና» የሚሉት ስድብነታቸው ከዚህ የመጣ ነው።

የእኅትዎ «ተመጣጣኝ» ጨዋ ቃል ነው፤ ግን የሚፈልጉትን አይነግርልዎትም። መመጣጠን ሁለት ነገር ይሻል፤ እዚህ አንዱ ዋጋው፣ ሌላው የቀረበው ነገር ነው። በጣም ውድ የሆነ ምግብም የዋጋውን ያህል ጥሩ ከሆነ ዋጋው ተመጣጣኝ ነው፤ የእርስዎ ኪስ ግን ላይችለው ይችላል። «ተመጣጣኝ ምሳ» ካሉማ ሰሚው «የተመጣጠነ ምግብ» የሚለውን የጤና ባለሙያዎች አባባል ያስብና ስለ አትክልቱና ስለ ጥራጥሬው ይጠይቅዎታል። ስለዚህ «ኪስ የማይጎዳ»፣ «አቅማችን የሚችለው» ቢሉ ይሻላል።

ከቃል ምርጫው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ቅጽሎቹን መደርደርዎ ነው። «ቄንጠኛ፣ ርካሽና ዘመናዊ የጃፓን ምግብ ቤት» ማስታወቂያ ይመስላል፤ ሰው ለአክስቱ እንዲህ አያወራም። አማርኛ እያንዳንዱን ነገር ለባለቤቱ ሰጥቶ ይናገራል፤ «ልቡ ቅን፣ እጁ ለጋስ» እንደምንለው። «ቤቱ ያማረ፣ አሠራሩ ዘመናዊ፣ የምሳው ዋጋ ኪስ የማይጎዳ» ቢሉ እያንዳንዱ ቅጽል ቦታውን ያገኛል። ቄንጠኛነትም ለሰው አለባበስና አካሄድ ይስማማል፤ ለቤት «ያማረ» ይበቃዋል።

«የምሳው ዋጋ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጃፓን ውስጥ ብዙ ምግብ ቤቶች ለምሳ ሰዓት ብቻ ዋጋው ዝቅ ያለ ገበታ ያቀርባሉ፤ ሩዝ፣ ሚሶ ከሚባል የአኩሪ አተር ሊጥ የሚሠራ ሾርባ፣ አንድ ዋና ምግብ እና በጨው የተዘጋጀ አትክልት፣ ሁሉም በአንድ ትሪ። እንዲህ ተሟልቶ የሚቀርብን ገበታ፣ ምሳም ይሁን እራት፣ ቴይሾኩ ይሉታል። በዚያው ቤት እራት ቢበሉ ሒሳቡ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። የእርስዎም ምግብ ቤት ይህንኑ ልማድ የሚከተል ከሆነ፣ ርካሽነቱን ለቤቱ ሁሉ መስጠት እውነታውንም ያዛባል።

ሱሺን «ጥሬ ዓሣ» ብለው አይፍቱት። ሱሺን ሱሺ የሚያሰኘው በኮምጣጤ የተቀመመው ሩዝ ነው፤ በበሰለ ነገር፣ በእንቁላል ወይም በኪያር ብቻ የሚሠራም አለ። ያለ ሩዝ ተቆርጦ የሚቀርበው ጥሬ ዓሣ ሳሺሚ ይባላል።

ሾርባውን ደግሞ «ጠጣን» ይበሉ። ሚሶ ሾርባ በጃፓኖች ዘንድ ያለ ማንኪያ፣ ሳህኑን በእጅ አንሥቶ ከከንፈር አስጠግቶ የሚጠጣ ነው፤ ውስጡ ያለው ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) እና የባሕር ቅጠል በሁለት ቀጫጭን የእንጨት መብሊያ ይለቀማል። የበሉት ራመን፣ ማለትም መረቅ ውስጥ የሚቀርብ ፓስታ መሰል ኑድል ከሆነ ግን ኑድሉ ይበላል፣ መረቁ ይጠጣል፤ ስለ ሳህኑ በሙሉ ሲያወሩ «ራመን በላሁ» ማለት ትክክል ነው።